ስሙን ባልሰማችሁት ባንድ መደሰት፦ ብዙ መድረክ ላለው ፌስቲቫል የሚሆን መመሪያ

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኮንሰርት የሚገባ ሰው የሚገባው ለዘፋኙ ነው። ፖስተሩ ላይ ያለውን ፊት ያውቀዋል፣ ዘፈኖቹን በቃሉ ይዟቸዋል፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ መድረክ እንደሚወጣም ከልምድ ይገምታል። በትልልቆቹ የአውሮፓ ፌስቲቫሎች ይህ ልማድ ብዙ አያራምድም። በእንግሊዝ ሶመርሴት እርሻ ላይ የሚደረገው ግላስተንበሪ ከ100 በላይ መድረክ ይተከልበታል። የዴንማርኩ ሮስኪልደ ከነድንኳን ኑሮው ስምንት ቀን ይፈጃል። የሮተርዳሙ ኖርዝ ሲ ጃዝ ብዙ አዳራሾችን በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰዓት ያስኬዳል፤ አዳራሾቹ የሚጠሩት በወንዞች ስም ስለሆነ ከመካከላቸው አንዱ ናይል ነው፣ አባይን ፍለጋ ሮተርዳም ድረስ መሄድ ለሚፈልግ። ከሚጫወቱት ሁሉ አሥር ስም ብታውቁ ብዙ ነው። የቲኬቱ ገንዘብ የሚመለሰውም የሚባክነውም በማታውቋቸው ላይ ነው።

ያልጠበቁት ባንድ ሲያስደስት ዕድል ይመስላል። ግማሹ እውነትም ዕድል ነው። የቀረው የፕሮግራም፣ የመቆሚያ ቦታ፣ የጆሮ፣ የሆድና የእግር ጉዳይ ስለሆነ ሊዘጋጁበት ይቻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮግራሙን አትሙሉት

የየመድረኩ የሰዓት ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፌስቲቫሉ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ክላሽፋይንደር የሚባለው ድረ ገጽ የሁሉንም መድረኮች ሰዓት ጎን ለጎን በአንድ ሰንጠረዥ ስለሚያሳይ ለማቀድ ከብዙዎቹ የፌስቲቫል መተግበሪያዎች ይመቻል። ሰንጠረዡን ስክሪንሾት አንሱት። ወደ 200,000 ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ ኔትወርክ የሚጠፋው በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው።

ከዚያ በቀን ሁለት ብቻ «የግድ» የምትሏቸውን ምረጡ። ሦስተኛ መጨመር የሚቻለው እዚያው መድረክ ላይ ከሆነ ወይም በመካከላቸው ሰዓት ተኩል ካለ ነው። ከቀሪው ቀን ቢያንስ ሦስት ያልተቋረጠ ሰዓት ባዶ ተዉ፤ ምርጡ ከቀኑ 7 እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው፣ በፌስቲቫሉ ወረቀት ከ13:00 እስከ 17:00። በዚህ ጊዜ የሚወጡት ባንዶች ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይጫወታሉ። ሕዝቡ ገና ስላልተጠቀጠቀ ወደፊት መጠጋት ይቻላል፣ እግራችሁም ገና አልዛለም። አዘጋጆች ደፍረው የሚሞክሯቸው ስሞች በብዛት የሚመደቡትም እዚህ ነው። ማታ የሚወጣው ትልቅ ስም ቲኬት እንዲሸጥ የተከፈለበት ስለሆነ ለድፍረት ብዙ ቦታ የለውም።

የሰዓት ነገር ከተነሳ፣ በተለይ እኛን የሚጥል ወጥመድ አለ። «አርብ» በሚለው ገጽ ላይ 00:30 ተብሎ የተጻፈ ባንድ የሚጫወተው አርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል። 13:00ም 01:00ም በእኛ 7 ሰዓት ናቸው። ማስታወሻችሁ ላይ ዝም ብላችሁ «7 ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንዱ ጓደኛችሁ በቀን፣ ሌላው በሌሊት እዚያ ይገተራል። በወረቀቱ አቆጣጠር ጻፉ፣ ጨርሱት።

ባዶውን ሰዓት የምትሞሉት ባንድ መርጣችሁ ሳይሆን መድረክ መርጣችሁ ይሁን። እንደ ግላስተንበሪ ባሉ ፌስቲቫሎች ትልልቆቹ መድረኮች የሚጫወቱትን የሚመርጥ የየራሳቸው መራጭ አላቸው። ዌስት ሆልትስ የሚባለው ለምሳሌ ወደ ጃዝ፣ ሬጌ፣ ሂፕ ሆፕና አፍሮቢት (የናይጄሪያ የትንፋሽና የከበሮ ሙዚቃ) ያጋደለ ነው። ስለዚህ ማታ ከሚወጡት አንዱን የምትወዱት ከሆነ በየትኛው መድረክ እንደተመደበ ተመልከቱና በዚያው መድረክ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ያለውን ስሙ። የማታውን የመረጠው ጆሮ የቀኑንም መርጧል። ኃይሉ መርጊያ ወይም ሌላ የአገራችን ሙዚቀኛ ፕሮግራሙ ላይ ካለ መሄዳችሁ አይቀርም፣ ተገቢም ነው። ግን ከእሱ በፊትና በኋላ በዚያው መድረክ የሚወጡትን አትዝለሉ፤ መራጩ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በስም ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ከፕሮግራሙ አጭር መግለጫ ላይ ጥቂት ነገር ማንበብ ይቻላል። ሰባት ሰውና ከዚያ በላይ ያለው፣ የትንፋሽ መሣሪያ የያዘ ባንድ በመድረክ ላይ እምብዛም አያሳፍርም፤ ይህን ያህል ሰው ይዞ መጓዝ ውድ ስለሆነ መድረክ ላይ የማይሳካለት ቶሎ ይበተናል። ከሩቅ አገር መጥቶ ከከተማ ከተማ በመዞር ላይ ያለ ባንድም ጥሩ ምልክት ነው፤ በየሌሊቱ እየተጫወተ ነው የመጣው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛ ስም አጠገብ «ላይቭ» የሚል ከተጻፈ መሣሪያ ይዞ ይወጣል ማለት ነው፣ ካልተጻፈ ዲጄ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ስሞች አንድ ላይ ከታወጁ ደግሞ ጥምረቱ የቆየ መሆኑን አጣሩ። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር ለዓመታት ዞሯል፤ አብረው በ2006 አልበም አውጥተዋል። ፓንክ ሊሰማ የመጣ አውሮፓዊ በሳክስፎን የሚወጣ ሽለላ ፊት ቆሞ የቀረው ልምምዱ ስለነበረ ነው። «ለዚህ ምሽት ብቻ» ተብሎ የሚታወጅ ጥምረት በአብዛኛው ሁለት ቀን ያልሞላ ልምምድ ያለበት ስለሆነ ማለፉ አይጎዳም።

አስቀድሞ ምን ያህል ይሰማ? ለባዶው ሰዓት ባንዶች ከአምስት ደቂቃ የቀጥታ ቪዲዮ በላይ አትስሙ፣ የስቱዲዮ ቅጂውንም ተዉት። አንድ ታዋቂ ዘፈናቸውን ለምዳችሁ ከሄዳችሁ ያንን ስትጠብቁ ሌላው ሁሉ የመጠበቂያ ሙዚቃ ይሆንባችኋል፤ ባንዱ ደግሞ ያንን ዘፈን የሚያኖረው ለመጨረሻ ነው።

በባዶው ሰዓት ከሁለት መድረክ በላይ አታዳርሱ። በካርታ ላይ አሥር ደቂቃ የሚመስል መንገድ በሕዝብ መሐል ሃያ ነው፣ ትልቅ ስም እንደጨረሰ ደግሞ ሠላሳ። አራት መድረክ ያዳረሰ ሰው አራት መንገድ ነው ያየው።

ከሦስተኛው ዘፈን በፊት አትውጡ

በክለብ ወይም በአዳራሽ የሚጫወት ባንድ ሰው ሳይገባ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) ያደርጋል። በፌስቲቫል መድረክ ከዋናዎቹ ስሞች በቀር ይህ ዕድል የለም። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ያለው ጊዜ 20 ወይም 30 ደቂቃ ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚደረገው እያንዳንዱ ማይክና ገመድ ድምፅ መላኩን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የድምፅ ባለሙያው ሚዛኑን የሚሠራው በመጀመሪያው ዘፈን ላይ፣ ሕዝብ እየሰማ ነው። የዘፋኙ ድምፅ ይዋጣል፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ደረት ይደቃል፣ ኪቦርዱ ጭራሽ አይሰማም። በሁለተኛው ዘፈን ይስተካከላል። ባንዱ በእርግጥ እንዴት እንደሚጫወት የሚታወቀው በሦስተኛው ነው። ከማያውቁት ባንድ ሰዎች የሚሸሹት ግን በብዛት በመጀመሪያው ላይ ነው፤ የጠሉት ባንዱን ሳይሆን ያልተሠራ ሚክስ ነው።

ሙዚቀኞቹ ራሳቸውም በዚያ ጊዜ አንዱ ሌላውን በደንብ አይሰማም። ዘፋኙ እየዘፈነ ወደ መድረኩ ጎን ዞሮ ጣቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲያመለክት ካያችሁ፣ ለሞኒተር ባለሙያው፣ ማለትም ሙዚቀኞቹ መድረክ ላይ የሚሰሙትን ድምፅ ለሚያስተካክለው፣ «ይህን ጨምር፣ ያንን ቀንስ» እያለ ነው። በሦስተኛው ዘፈንም ማመልከቱን ካላቆመ ራሱን እየሰማ አይደለም፤ ጎበዝ ዘፋኝም ቢሆን በዚህ ሁኔታ ከቅኝት ይወጣል። እዚህ ላይ መፍረድ ወይም መውጣት የእናንተ ነው።

በመድረኩና በአጥሩ መካከል የሚቆሙት ፎቶ አንሺዎችም በተለመደው ሥርዓት የሚፈቀድላቸው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዘፈኖች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ይወጣሉ፣ የፊት ሰልፈኛ እይታ ይከፈታል፣ ብዙ ሙዚቀኞችም ትከሻቸው የሚላላው ያኔ ነው።

ሦስት ዘፈን ወይም 15 ደቂቃ ሰምታችሁ ካልያዛችሁ ያለ ሐፍረት ውጡ። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ጭብጨባው ላይ፣ በአቅራቢያችሁ ባለው ጎን በኩል እንጂ በመሐል ሰንጥቃችሁ አትሂዱ። ዘግይታችሁ የደረሳችሁ እንደሆነ ግን የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ከመጀመሪያዎቹ 15 ይሻላሉ።

ይህ ሕግ የማይሠራባቸው ሙዚቃዎች አሉ። አፍሮቢት አንዱ ቁራጭ ከ10 ደቂቃ በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ዘፈኑም የሚገባው ትንፋሾቹ ዙራቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው። የፓኪስታን ቀዋሊም የሞሮኮ ግናዋም፣ ሁለቱም መንፈሳዊ ዜማዎች፣ ቀስ ብሎ ተነስቶ የሚፈጥን ነው፤ መጀመሪያው ላይ «ምንም አይለወጥም» የሚል ሰው የሚለወጠው ከመምጣቱ በፊት ይሄዳል። ለእነዚህ ዘፈን ሳይቆጠር 25 ደቂቃ ይሰጣቸው። የመንፈሳዊ ዝማሬን አካሄድ ለሚያውቅ፣ ከቁም ዜማ ተነስቶ እስከ ወረብ ድረስ ያለውን ትዕግሥት ለለመደ፣ ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም።

የት ይቆማል

አብዛኛው ሰው የተሻለ ድምፅ ያለው ከፊት ይመስለዋል። ከፊት ያለው እይታ ነው። ዋናዎቹ ስፒከሮች ከፍ ብለው በግራና ቀኝ ስለሚሰቀሉ ድምፃቸው ከመጀመሪያዎቹ ረድፎች በላይ ያልፋል። ፊት የቆመ ሰው የሚሰማው የራሱን የድራሙን ጩኸትና የጊታሩን አምፕሊፋየር ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ የሚደርሰው በመድረኩ ከንፈር ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ስፒከሮች ነው።

የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን (የድምፅ ማመጣጠኛውን) ይዞ የሚቀመጥበት ድንኳን አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመድረኩ ከ25 እስከ 40 ሜትር ላይ። ሚዛኑን የሚሠራው ለራሱ ጆሮ ስለሆነ ከዚያ ድንኳን ፊት ለፊት፣ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ወደ መድረኩ ጠጋ ብላችሁ ቁሙ። ከድንኳኑ ጀርባ አትሁኑ፤ ድንኳኑ እይታንም ቀጭኑን ድምፅም ይጋርዳል።

በትክክል መሐል መስመር ላይ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ከሌላው ሁሉ ከበለጠባችሁ ምክንያት አለው። የቤዝ ስፒከሮቹ በግራና በቀኝ ተከፍለው ሲቀመጡ ድምፃቸው መሐል ላይ እኩል ይደርስና ይደመራል፣ ትንሽ ጎን ሲባል ደግሞ ይቀናነሳል። ሦስት አራት ሜትር ወደ አንዱ ጎን ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የዘፋኙ ቃል ወዲያው ይጠራል። ለመደነስ ከሆነ የመጣችሁት በተቃራኒው መሐሉን ያዙ።

ትልቅ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ ከሆናችሁ መሐል ላይ የተተከሉትን ተጨማሪ የስፒከር ማማዎች ፈልጉ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ወደ ሲሶ ሰከንድ ይዘገያል፤ የድራመሩ እጅ ወርዶ ድምፁ በኋላ ሲመጣ የምታዩት ለዚህ ነው። ማማዎቹ ይህንን መዘግየት ተቆጥሮላቸው የተስተካከሉ ናቸው። ከማማው በስተኋላ፣ ማለትም ማማውን በእናንተና በመድረኩ መካከል አድርጋችሁ ቁሙ። ከማማው አለፍ ብላችሁ ፊት ከቆማችሁ ከኋላም ከፊትም የተዘበራረቀ ድምፅ ይደርሳችኋል። ነፋስ ሲኖር ቀጭኑ ድምፅ እየመጣ እየሄደ ይረብሻል። በዚያን ጊዜ መቅረብ እንጂ መታገሥ መፍትሔ አይደለም።

አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ የያዘ ጸጥ ያለ ሙዚቀኛ ከሆነ ግን ስለ ሚክሰር የተባለውን እርሱት። ከ15 ሜትር ውስጥ ካልሆናችሁ የጎረቤት መድረክ ቤዝ ይውጠዋል፣ ቢራ ይዞ የሚያወራው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ነው።

ድንኳን ውስጥ ያሉ መድረኮችና አዳራሾች ይሞላሉ። በኖርዝ ሲ ጃዝ አዳራሹ ሲሞላ በሩ ይዘጋና አንድ ሲወጣ አንድ ይገባል። ትንንሾቹን አዳራሾች ከፈለጋችሁ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ይህም ጥቅም አለው፤ ከፊቱ የነበረውን ባንድ መጨረሻ ትሰማላችሁ፣ አንዳንዴ ከመጣችሁለት የሚበልጠው እሱ ነው።

ስለ ፊት ረድፍ አንድ ቀልድ የሌለበት ነገር። በጁን 30 ቀን 2000 በሮስኪልደ ዋናው መድረክ ፊት ዘጠኝ ወጣቶች በሕዝብ ግፊት ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ የመድረኩ ፊት በአጥር እየተከፋፈለ የሚገባው ሰው እየተቆጠረ ነው። የትም ቢሆን ግፊቱ ከእናንተ ፈቃድ ውጭ ማንቀሳቀስ ከጀመረ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጥፋችሁ ለትንፋሽ ቦታ ያዙ፣ የወደቀ ስልክ ለማንሳት አታጎንብሱ፣ ማዕበሉን አትግፉት። ጋብ ሲል በሰያፍ ወደ ጎን ውጡ። ፊት ያሉት የጥበቃ ሠራተኞች የሚወጣ ሰው ለመጎተት ነው የቆሙት፤ እጅ አንስታችሁ ጥሩ።

ጆሮ

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በሳምንት ለ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) 40 ሰዓት፣ ለ90 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ ለ100 ዴሲቤል 20 ደቂቃ ገደማ ይፈቅዳል። የፌስቲቫል ሜዳ ከፊት በኩል ወደ 100 ይጠጋል። ቁጥሩን ስታዩ አንድ ባንድ ብቻ የሳምንቱን እንደሚጨርስ ይገባችኋል። ከመዘዙም ሌላ፣ በሁለተኛው ቀን የደነዘዘ ጆሮ አዲስ ነገር አይቀበልም፤ ሁሉም ባንድ አንድ ዓይነት ይሆንበታል። ብዙ ሰው «እሑድ ላይ የነበሩት ደካሞች ናቸው» የሚለው ጆሮው ቅዳሜ ስላለቀ ነው።

ፋርማሲ የሚገኘው የስፖንጅ መሰኪያ ርካሽና አስተማማኝ ነው፣ ግን ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚቆርጥ ሙዚቃው ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ለሙዚቀኞች የተሠሩትና ማጣሪያ ያላቸው መሰኪያዎች ሁሉንም በተቀራራቢ መጠን ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ያደርጋሉ፤ ታጥበው ለዓመታት ያገለግላሉ። ስፖንጁን ስታደርጉ በጣታችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ በሌላኛው እጅ የጆሮአችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገብታችሁ እስኪነፋ ሠላሳ ሰከንድ ያዙት። ግማሹ ውጭ ከቀረ ምንም አልሠራም። ሕፃን የያዘ ሰው ከላይ የሚደረገውን የጆሮ መከላከያ ይግዛ፤ በሕፃን ጆሮ መሰኪያ አይገባም።

ላልለመዱት ሙዚቃ ጆሮን ማቅናት

የማታውቁት ቋንቋ ሲዘፈን ጆሮ በልማድ ግጥሙን ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ግጥም ወዳዶች ነን፣ ሰምና ወርቁ ካልተያዘ ዘፈኑ ያመለጠን ይመስለናል። ትኩረታችሁን ወደ ቤዝ ጊታሩ አውርዱት። ቤዙ የሚደጋግመውን ሐረግ አንድ ጊዜ በልባችሁ ማንጎራጎር ከቻላችሁ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ሲቀመጥ ይሰማችኋል። ምቱ ከጠፋባችሁ የድራመሩን ቀኝ እግር ተመልከቱና እግራችሁን ከእሱ ጋር አኑሩ፣ ጭብጨባ ለመቅደም አትቸኩሉ።

ከየት ልጀምር ለሚል አማርኛ ተናጋሪ ሁለት ቀላል በሮች አሉ። አንደኛው ቅኝት ነው። ትዝታና ባቲ እንደሌሎቹ ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ የሱዳን ዘፈንና የሰሃራ ቱዋሬጎች የጊታር ሙዚቃም በብዛት በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። ጆሮአችሁ ቤቱ የገባ ይመስለዋል። ከማሊ ወይም ከኒጀር የመጣ የጊታር ባንድ ፕሮግራሙ ላይ ካያችሁ ሳታመነቱ ግቡ። ሁለተኛው ምት ነው። ችክችካ የለመደ ትከሻ የማዳጋስካርን ሳሌጊ ሲሰማ አይቸገርም፣ ሁለቱም በስድስት የሚቆጠሩ ናቸው። አጠገባችሁ ያለው ፈረንጅ በአራት ሊያጨበጭብ ሲታገል እስክስታው ልኩን ያገኛል።

ከእነዚህ ተነስታችሁ ወደ ሩቁ ሂዱ። የመጀመሪያ ቀን ላይ ሄቪ ሜታል ሄዶ «ፌስቲቫል አልወድም» ማለት ቅደም ተከተል ማበላሸት ነው። ሜታልም ቢሆን በሁለተኛው ቀን፣ ሚክሰሩ አጠገብ፣ መሰኪያ ተደርጎ ከተሰማ የድራሙን ሥራ ብቻ ማየት የሚያስቆም ነው።

ለአገር ቤት ነዋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀለው በዛንዚባር ከ2004 ጀምሮ በፌብሩዋሪ የሚደረገው ሳውቲ ዛ ቡሳራ ነው። መድረኩ ጥቂት ስለሆነ የፕሮግራም ጭንቀት የለበትም፣ ደንቡም ሙዚቃው በቀጥታ እንዲጫወት ስለሚያዝ በተቀዳ ድምፅ ላይ አፍ የሚያንቀሳቅስ አይገጥማችሁም። እዚያ ከላይ ያለው የሰንጠረዥ ጉዳይ ሁሉ ቀርቶ አመሻሽ ላይ መግባትና እስከ መጨረሻው መቆየት ይበቃል።

ሆድና እግር

የራበው ሰው አዲስ ሙዚቃ አይወድም። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ብሉ፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ሰልፉ አንድ ሙሉ ባንድ ያስመልጣል። ግላስተንበሪ በጁን መጨረሻ፣ ሮስኪልደ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ስለሚሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ ጾም ውስጥ ይወድቃሉ፤ የኦገስት ፌስቲቫሎች ደግሞ ፍልሰታን ያገኛሉ። የሚጾም ሰው «ቪጋን» የሚለውን ምልክት ይፈልግ። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ይገባበታል። በጾም እስክስታ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት።

ባዶ የውሃ ጠርሙስ ያዙ፤ ግላስተንበሪ ከ2019 ወዲህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አይሸጥም፣ በየቦታው ቧንቧ አለ። አዲስ ጫማ አይሆንም። ዝናብ ከተተነበየ ጃንጥላውን ትታችሁ የዝናብ ካፖርት ያዙ፣ ጃንጥላ ከኋላ ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። በሁለት ባንድ መካከል መሬት ላይ መቀመጥ ነውር አይደለም፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቆሞ ለመስማት የሚያስችለው እሱ ነው።

ጓደኛና ስልክ

አምስት ሆኖ መንቀሳቀስ ያልታሰበ ነገርን ይገድላል፤ አምስት ሰው የሚስማማው በሚያውቀው ስም ላይ ብቻ ነው። ለባዶው ሰዓት ተበታተኑ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወይም ለብቻ። ከመለያየታችሁ በፊት ቦታና ሰዓት በቃል ተስማሙ፦ «በ20:00 ከሚክሰሩ ድንኳን በስተግራ፣ ባንዲራው ሥር»። «መድረኩ ጋ እንገናኝ» ማለት ግማሽ ሰዓት ማጣት ነው። መልእክት ቢላክም የሚደርሰው ነገ ነው። ለሁለት ቀን 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) ያለው ፓወር ባንክ ይበቃል፣ ስልኩን በማያስፈልግ ጊዜ አውሮፕላን ሞድ ላይ ካዋላችሁት።

ቪዲዮ ለመቅረጽ ከፈለጋችሁ አንድ ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ፣ ያውም ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ። ማንነቱን ለማያውቁት ባንድ ከቪዲዮ ይልቅ የሚጠቅመው የስሙ ፎቶ ነው፤ በመድረኩ ጎን ያለውን ሰሌዳ ወይም ስክሪን አንሱ። ብዙ ሰው ልቡን የወሰደውን ባንድ ስም ሳይዝ ይመለስና በሳምንቱ «ቢጫ ልብስ የለበሰችው» እያለ ይፈልጋል። ሰዓቱንና መድረኩን ብቻ ጽፋችሁ ከያዛችሁም ስሙ ከሰንጠረዡ ይወጣል።

ከወደዳችሁት ባንድ ሸክላ ወይም ቲሸርት የምትገዙ ከሆነ የመሸጫውን ጠረጴዛ ቀድማችሁ እወቁት። ትንንሽ ባንዶች ከተጫወቱ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆመው ራሳቸው የሚሸጡበት ጊዜ አለ፣ ከዚያ መኪናቸውን ጭነው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ፤ ነገ እገዛለሁ ያለ አያገኛቸውም። ቲሸርቱ የትም ይታጠፋል። ሸክላው ግን ፀሐይ በሚመታው ድንኳንም ሆነ በተዘጋ መኪና ውስጥ በአንድ ከሰዓት ይጣመማል፣ ከተጣመመ ደግሞ አይቃናም። የዕቃ ማስቀመጫ ካለ እዚያ አስረክቡት፣ ከሌለ በካርቶን መሐል አድርጋችሁ በጥላ ውስጥ በጠርዙ አቁሙት እንጂ አታጋድሙት።